ባንኩ የሚያውቀው ሂሳብዎን ነው

ጥያቄ፦ ከአንድ ባንክ ጋር 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ቀድሞ የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ሱቄን ስለሚያውቅ የዕቃ ማስገቢያ ብድር ቁጭ ብለን እንጨርስ ነበር። ዘንድሮ ማመልከቻዬ ዋናው መሥሪያ ቤት ሄዶ «ገቢው አልተረጋገጠም» ተብሎ ተመለሰ። ሽያጬ ግን ጨምሯል። ምን አጠፋሁ?
ባለሱቅ

መልስ፦ ምንም። ብዙ ትልልቅ ባንኮች የአነስተኛ ብድር ውሳኔን ከቅርንጫፍ አንስተው አመልካቹን በቁጥር ለሚመዝን የኮምፒውተር ነጥብ መስጫ ሥርዓት ሰጥተዋል፤ ለትንሽ ብድር ሰው ልኮ ሱቅ ማስጎብኘት ወጪው ከወለዱ ሊበልጥ ይችላል። ሥርዓቱ የሚያየው ስቴትመንት፣ ማለትም የሂሳብዎን ገቢና ወጪ ዝርዝር ነው። በጥሬ ገንዘብ ተሸጦ በጥሬ ገንዘብ ለአከፋፋይ የተከፈለ ዕቃ ለባንኩ እንዳልተሸጠ ይቆጠራል።

እንደገና ከማመልከትዎ በፊት ቢያንስ ለ6 ወር የዕለቱን ሽያጭ ሳይቀንሱ ወደ ሱቁ የባንክ ሂሳብ ያስገቡ፤ ለአከፋፋዩም ከዚያው ሂሳብ ይክፈሉ። የቤት አስቤዛ ግን ከዚያ አይውጣ፤ ለራስዎ በወር አንዴ ቁርጥ ያለ ደመወዝ ወደ ግል ሂሳብዎ ያዛውሩ። በማመልከቻው ዋዜማ ተበድሮ ሂሳብ መሙላት የተለመደ ዘዴ ነው፤ የሚታየው የወራት አማካይ ስለሆነ ከጥርጣሬ በቀር አያተርፍም። ከወጪ የሚተርፍዎ የወር ገንዘብም ከብድሩ ወርሃዊ ክፍያ 1.25 እጥፍ ካልደረሰ ብዙ አበዳሪዎች ያመነታሉ።

እስከዚያው ፈጣን የስልክ ብድር ካማለለዎት አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ወለዱ የሚታሰበው በመነሻው ብድር ላይ ነው ወይስ በቀሪው ዕዳ? 100,000 በዓመት 12 በመቶ ወለድ ተበድረው በ12 እኩል ወርሃዊ ክፍያ ቢመልሱ፣ በቀሪው ዕዳ ሲታሰብ ወለዱ 6,619 ገደማ ነው፤ በመነሻው ሲታሰብ 12,000። ይህ ሁለተኛው በቀሪው ዕዳ ስሌት ቢመነዘር 21.5 በመቶ ገደማ ይሆናል። ውሉ ላይ ግን ሁለቱም «12 በመቶ» ናቸው!

ጥያቄ፦ የሰፈሬ ባለሱቅ ለትንሽ ግዢ ካርድ አልቀበልም ይላል። ስስት አይደለም?
ደንበኛ

መልስ፦ አይመስለንም። ከእያንዳንዱ የካርድ ክፍያ ላይ የእርስዎ ባንክ፣ የካርዱ ድርጅትና የባለሱቁ ባንክ ድርሻቸውን ያነሳሉ። ክፍያው ብዙ ጊዜ በመቶኛ ብቻ አይደለም፤ ቋሚ መጠንም ይጨመርበታል። ለምሳሌ 2 በመቶ ሲደመር ቋሚ 3 ብር ቢሆን፣ ከ1,000 ግዢ 23 ይቆረጣል፤ ከ30 ግዢ ደግሞ 3.60፣ ማለትም 12 በመቶ። ትርፉ በሙሉ እዚያ ሊቀር ይችላል። ገዝተው የሚከፍሉትን ሰብሰብ አድርገው በአንድ ጊዜ ቢከፍሉለት ቋሚዋ ክፍያ አንዴ ብቻ ትቆረጥበታለች።