ዲግሪ ከሌለ ኑሮ የለም? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሚጠይቁት ስለ አንድ ወረቀት ነው፤ ስለ ዲግሪ። ይኖር ይሆን ወይ? ይቅር ይሆን ወይ? አራቱን መርጠን መልሰናል።

ጥያቄ፦ የ18 ዓመት ልጄ ሁለተኛ ደረጃን በጥሩ ውጤት ጨርሷል። ዩኒቨርሲቲ አልገባም፣ ብየዳ ነው የምማረው ብሎ ቆርጧል። አባቱ «ዘመድ ምን ይለናል» ብሎ አኩርፏል። እኔ የምፈራው ነገ እንዳይቆጨው ነው። ያለ ዲግሪ ደህና ኑሮ ይኖራል? (እናት)

መልስ፦ እናታችን፣ ይኖራል። ሥራው ግን ምን ዓይነት ማስረጃ እንደሚጠይቅ አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

ሕግ ራሱ ዲግሪ የሚጠይቅባቸው ሙያዎች አሉ። ሐኪም፣ ፋርማሲስት፣ በአብዛኛው አገር ጠበቃና መምህር፣ ለሕንፃ ንድፍ ኃላፊነት ወስዶ የሚፈርም መሐንዲስ ያለ ዲግሪ ፈቃድ አያገኙም። ልጅዎ ከነዚህ አንዱን በልቡ ይዞ ከሆነ ሌላ መንገድ የለውም፣ ዩኒቨርሲቲ ይግባ።

የቀሩት ሥራዎች ግን ጉዳያቸው ሌላ ነው። «ሙያ በልብ ነው» ይባላል፤ ቀጣሪ ደግሞ ልብ ከፍቶ ማየት አይችልም። ኢኮኖሚስቱ ማይክል ስፔንስ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳየው ይህንኑ ነው፦ ዲግሪ ስለ ተማሩት ነገር ብቻ ሳይሆን፣ ሰውየው ጀምሮ የሚጨርስ መሆኑን ለማያውቀው ቀጣሪ የሚነግር ምልክት ነው። ምልክት የሚያስፈልገው ችሎታው በዓይን በማይታይበት ቦታ ነው። ብየዳ ደግሞ ችሎታው ቁልጭ ብሎ ከሚታይባቸው ሙያዎች አንዱ ነው።

ፈተናውን ይመልከቱት። ጠርዛቸው በሰያፍ የተሞረደ ሁለት ወፍራም ብረቶች ይገጠማሉ። ተፈታኙ መካከላቸው ያለውን ቦይ ከሥር ጀምሮ ደርብ በደርብ እየበየደ ይሞላዋል። ሲጨርስ ከተበየደው ላይ ቀጫጭን ቁራጮች ይወጡና በማጠፊያ ማሽን በዩ (U) ቅርጽ እስኪጎብጡ ይታጠፋሉ፤ አንዱ በሥሩ በኩል፣ ሌላው በፊቱ በኩል። በስፋት በሚሠራባቸው ደረጃዎች መሠረት በታጠፈው ገጽ ላይ ከ3 ሚሊሜትር የሚበልጥ ክፍተት ከታየ ወድቋል። ከባዱ ፈተና 6ጂ የሚባለው ነው፦ ቧንቧ በ45 ዲግሪ ዘንበል ብሎ ይታሰራል፣ ማዞር አይፈቀድም፤ በያጁ ራሱ ይዞራል፣ ይጎነበሳል፣ ይንጋለላል። እዚያ ያለፈን ሰው የት ተማርክ ብሎ የሚጠይቀው የለም።

የሚወድቁት የሚወድቁበት ምክንያት ይታወቃል። ከአንዱ ደርብ ወደ ሌላው ከመሻገራቸው በፊት በብየዳው ላይ የሚቀረውን ቅርፊት በብሩሽ አጥርተው አያነሡም፤ ቅርፊቱ ውስጥ ይቀበራል። ወይም ሲጀምሩ ሙቀቱ አንሶ ሥሩ ሳይያያዝ ይቀራል። ወይም 7018 የተባለውን ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) ማሸጊያውን ከፍተው ሜዳ ላይ ይተዉታል። ይህ ኤሌክትሮድ እርጥበት ይስባል፣ ከእርጥበቱ የሚወጣው ሃይድሮጅን ብረቱ ውስጥ ይገባል፣ ብየዳው ያማረ መስሎ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው ማሸጊያው ከተከፈተ በኋላ ቢያንስ ወደ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ምድጃ ውስጥ የሚቀመጠው። ማሰልጠኛውን ሲጎበኙ የኤሌክትሮድ ምድጃ እንዳለ ይጠይቁ። ከሌለ፣ እዚያ የሚሰጠው ትምህርት የተሟላ አይደለም።

ሦስት ነገር ደግሞ አጣሩ። ተማሪው በሳምንት ስንት ሰዓት ራሱ ይበይዳል፣ ስንቱን ሰዓትስ ቆሞ ያያል? ፈታኙ ከማሰልጠኛው ውጭ የመጣ ገለልተኛ ባለሙያ ነው? የምስክር ወረቀቱ ላይስ የብየዳው ዓይነት፣ የሥራው አቀማመጥና የብረቱ ውፍረት ተጽፏል? ብቃቱ የሚሠራው ለተጻፈው ብቻ ነውና። ከ6 ወር በላይ በዚያ የብየዳ ዓይነት ካልሠራም ብቃቱ ይቋረጣል፤ የሠራበትን ቀን ከአሠሪው እያስፈረመ ይያዝ።

ለአባቱ፦ በጀርመን ከ300 የሚበልጡ ሙያዎች ከ2 እስከ 3 ዓመት ተኩል፣ የሳምንቱን አብዛኛውን ቀን በሥራ ቦታ፣ የቀረውን በትምህርት ቤት የሚሰጡ ናቸው። በዚያ መንገድ ያለፈም የተማረ ሰው ይባላል።

ለእርስዎ ደግሞ፦ ጭሱ ሳንባን፣ ብርሃኑ ዓይንን፣ መጎንበሱ ወገብን ይጎዳል። በ50 ዓመቱም በያጅ ብቻ ሆኖ እንዲቀር አይመከርም። ንድፍ ማንበብና ሒሳቡን ከአሁኑ ከያዘ ወደ ብየዳ ተቆጣጣሪነት ወይም ወደ ራሱ ወርክሾፕ ይሸጋገራል። እንዳይቆጨው ከፈሩ፣ ዩኒቨርሲቲው ምዝገባን ለአንድ ዓመት ማስተላለፍ የሚፈቅድ መሆኑን በጽሑፍ ጠይቁ፤ የሚፈቅዱ አሉ።

ጥያቄ፦ ሶፍትዌር እማራለሁ፣ ለመመረቅ ሁለት ሴሚስተር ቀርቶኛል። አንድ ድርጅት አሁኑኑ ሥራ ግቢ ይለኛል። ሦስት ዓመት ለፍቼ እንዴት ልተወው? (ተማሪ)

መልስ፦ እህታችን፣ ያለፈውን ሦስት ዓመት ከስሌቱ አውጪው። ብትጨርሺም ብትተዪም አይመለስም። የሚመዘነው ከፊትሽ ያለው ሁለት ሴሚስተር ምን ያስወጣል፣ ምንስ ያስገኛል የሚለው ነው። እንደዚያ ሲታይ ደግሞ መጨረሱ ያዋጣል። የሥራ ገበያ ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት የመጨረሻው ዓመት ወደ ደመወዝ የሚጨምረው ከቀደሙት ከእያንዳንዱ በላይ ነው፣ ወረቀቱ የሚሰጠው ያኔ ስለሆነ። ሦስት ዓመት ተምሮ ያቋረጠ ሰው የሦስት አራተኛ ዲግሪ ደመወዝ አያገኝም። በማመልከቻው ላይ የሚታየው «አቋረጠ» የሚለው ቃል ነው።

ድርጅቱን በሳምንት 15 ወይም 20 ሰዓት ልሥራላችሁ በያቸው። በእውነት ከፈለጉሽ ይስማማሉ። የግድ ማቋረጥ ካለብሽ ግን ዝም ብለሽ አትጥፊ። ሬጅስትራር ሄደሽ የዊዝድሮዋል (የማቋረጫ) ቅጽ ሙዪ። ቅጹን ሳይሞሉ የቀሩ ተማሪዎች በብዙ ተቋማት የሴሚስተሩ ኮርሶች በሙሉ በኤፍ ይመዘገቡባቸዋል፣ ሲመለሱ ነጥባቸው ወድቆ ይጠብቃቸዋል። ማኅተም ያለበት ትራንስክሪፕትና የየኮርሱን ይዘት ዝርዝር ይዘሽ ውጪ፤ ሌላ ቦታ ክሬዲት ለማዛወር የሚጠየቀው ዝርዝሩ ነው። የተወሰዱ ኮርሶች ከስንት ዓመት በኋላ ዋጋ እንደሚያጡም አስጽፈሽ ያዢ።

ጥያቄ፦ 38 ዓመቴ ነው። በአንድ ድርጅት ሒሳብ ክፍል 14 ዓመት ሠርቻለሁ። ያሠለጠንኳቸው ልጆች አለቃ ሆኑብኝ፣ እኔ ዲግሪ ስለሌለኝ። ሥራዬን ለቅቄ ልማር? (ሒሳብ ሠራተኛ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ተማር፤ ሥራህን ግን አትልቀቅ። ልዩነቱን በደመወዝህ ወር እንቁጠረው። ለምሳሌ ያህል የዲግሪው ክፍያ በጠቅላላው የ15 ወር ደመወዝህ ነው፣ እድገቱም 30 ከመቶ ይጨምርልሃል እንበል።

ለቅቀህ 4 ዓመት ብትማር የ48 ወር ደመወዝ ታጣለህ፣ ክፍያው ሲደመር 63 ወር። በየወሩ የሚጨመርልህ የአንድ ወር ደመወዝ 0.3 ስለሆነ፣ 63 ለ0.3 ሲካፈል 210 ወር ይሆናል፣ ማለትም 17 ዓመት ተኩል። በ42 ተመርቀህ ወጪህ የሚመለሰው 60 ዓመት ሊሞላህ ስድስት ወር ሲቀረው ነው፣ ያውም በተመረቅህ ማግስት ሥራ ካገኘህ። እየሠራህ በማታ 5 ዓመት ብትማር ግን የምትከፍለው 15 ወር ብቻ ነው፤ ለ0.3 ሲካፈል 50 ወር። በ43 ትመረቃለህ፣ 47 ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላህ ወጪህን ትመልሳለህ። የራስህን ቁጥር አስገብተህ ሥራው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የተመራቂን ደመወዝ ከዛሬው ደመወዙ ጋር ሲያወዳድር ነው። ማወዳደር ያለብህ ሳትማር ከ5 ዓመት በኋላ ከምታገኘው ጋር ነው፣ እሱም ያድጋልና።

ከመመዝገብህ በፊት የእድገት መመሪያውን ከሰው ኃይል ክፍል በጽሑፍ አግኝ። የሚጠይቀው «ዲግሪ» ነው ወይስ «ዲግሪ ወይም ተመጣጣኝ የሙያ ማረጋገጫ»? ሁለተኛው ከሆነ አጭር መንገድ ሊኖር ይችላል። ኤሲሲኤ የተባለው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ባለሙያዎች ማኅበር ዲግሪ የሌለውንም ከመሠረታዊው ደረጃ ጀምሮ ይቀበላል። እስካሁን ባለው ሥርዓቱ ሙሉ አባል ለመሆን 13 ፈተናና የ36 ወር የተረጋገጠ የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ልምዱን አንተ በየቀኑ እየሠራኸው ነው፤ የሚቀርህ በማኅበሩ ደንብ መሠረት ማስመዝገብና ማስፈረም ነው።

ኮሌጅ ከመረጥክ ደግሞ ፈቃዱን አጣራ። ኮሌጁ ፈቃድ አለው ማለት የአንተ ትምህርት አለው ማለት አይደለም። ፈቃድ የሚሰጠው በየትምህርቱ፣ በየደረጃው፣ በቀን፣ በማታና በርቀት ለየብቻ ሊሆን ይችላል፤ የሚያበቃበትም ቀን አለው። በኮሌጁ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን አትመን። የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ራሱ ያወጣውን ዝርዝር ተመልከት። «የሕይወት ልምድህን ቆጥረን በሁለት ወር እንሰጥሃለን» ከሚሉህ ሽሽ፤ ገንዘቡም ይሄዳል፣ ወረቀቱ ሲጣራ ሥራህም ይሄዳል። ሕጋዊው መንገድ ሌላ ነው፦ የምታውቀውን ኮርስ ተፈትነህ ነፃ የምትሆንበት አሠራር ያላቸው ተቋማት አሉ፣ ከምዝገባ በፊት ጠይቅ።

ጥያቄ፦ የራሴ ሥራ አለኝ፣ ልጆቼን አሳድጌአለሁ፣ የጎደለኝ የለም። ሰው ተሰብስቦ ስለ ትምህርት ሲያወራ ግን አንገቴን እደፋለሁ። 52 ዓመቴ ነው። ያለ ዲግሪ መልካም ኑሮ ኖርኩ ማለት እችላለሁ? (ነጋዴ ሴት)

መልስ፦ እህታችን፣ ይችላሉ። የሀርቫርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ በርካታ ወንዶችን እስከ እርጅና ተከታትለዋል፤ ገሚሶቹ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች፣ ገሚሶቹ ከቦስተን ድሃ ሰፈሮች የመጡ ልጆች ነበሩ። በስተርጅና ማን ጤነኛና ደስተኛ እንደሚሆን በብርቱ ያመለከተው ከሰው ጋር ያላቸው ቅርበት ሆኖ ተገኘ።

ሌላውንም ወገን መደበቅ አይገባም። ኢኮኖሚስቶቹ አን ኬዝና አንገስ ዲተን በአሜሪካ ራስን በማጥፋት፣ በአደንዛዥ መድኃኒትና በመጠጥ የሚመጣ ሞት በተለይ ዲግሪ በሌላቸው ላይ መብዛቱን አሳይተዋል። ምክንያቱን ሲያስረዱ ግን የሚያነሡት የጠፋውን ደህና ሥራና ከእሱ ጋር የፈረሰውን ትዳርና ማኅበራዊ ኑሮ ነው። እርስዎ ሥራውም ቤተሰቡም አለዎት።

አንገት መድፋቱ ካልተወዎት፣ ለዲግሪ ሳይሆን ለሚወዱት ነገር አንድ ኮርስ ብቻ ይመዝገቡ። የማታና የርቀት ትምህርት የሚሰጡ ብዙ ተቋማት አንድ ኮርስ ብቻ መውሰድ ይፈቅዳሉ። ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ በ15 ሳምንት ውስጥ ወደ 45 ሰዓት ክፍል፣ የዚያን እጥፍ ደግሞ ለብቻ ንባብ ይወስዳል፤ በሳምንት 9 ሰዓት ማለት ነው። አንዳንዶች የሚያቋርጡት ከብዷቸው ሳይሆን ይህን 9 ሰዓት ሳያዘጋጁ ስለሚገቡ ነው። የትኛው ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ሱቁን ማን ይዞልዎት እንደሆነ ከመክፈልዎ በፊት በወረቀት ላይ ይጻፉት።