ኦኤስ/2 ዋርፕን ዛሬ ለምትጠቀሙ፦ ለደብዳቤዎቻችሁ መልስ

ባለፈው እትም ስለ ኦኤስ/2 ከጻፍኩ በኋላ ብዙ ደብዳቤ ደርሶኛል። ተቀራራቢዎቹን አጣምሬ፣ ረጃጅሞቹን አሳጥሬ አቀርባለሁ። ነገሩ አዲስ ለሆነባችሁ፦ ኦኤስ/2 አይቢኤምና ማይክሮሶፍት በጋራ ጀምረውት እ.ኤ.አ. በ1987 መጨረሻ ለገበያ የቀረበ ስርዓተ ክወና ነው። ኩባንያዎቹ ከተለያዩ በኋላ አይቢኤም ብቻውን አሳደገው። ብዙ ሰው የሚያውቀው በ1994 በወጣው ዋርፕ 3 እና በ1996 በተከተለው ዋርፕ 4 ነው። ሽያጩ በ2005፣ መደበኛ ድጋፉ ደግሞ በ2006 መጨረሻ ቆመ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አጎቴ የተወልኝ ፔንቲየም ኮምፒውተር አለኝ። የዋርፕ 4 ሲዲውም አብሮት አለ። በዚሁ ማሽን ላይ ልጫነው ወይስ በአዲሱ ኮምፒውተሬ ላይ በቨርቹዋል ማሽን ልጀምር?

መልስ፦ ሁለቱንም አድርግ፤ ቨርቹዋሉን፣ ማለትም በአዲሱ ኮምፒውተርህ ውስጥ በፕሮግራም የሚፈጠረውን ምናባዊ ኮምፒውተር፣ ግን አስቀድም። በቨርቹዋል ማሽን ላይ ያበላሸኸውን ወዲያው ደግመህ ትጭነዋለህ፤ ከአጎትህ ሃርድ ዲስክ ላይ የጠፋ ነገር ግን ምትክ የለውም።

ቨርቹዋልቦክስ የተባለው የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራም ኦኤስ/2ን ከሚቀበላቸው ስርዓቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። በኮምፒውተርህ ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ በሚከፈተው የማዘርቦርዱ ቅንብር) ውስጥ የፕሮሰሰሩ የቨርቹዋላይዜሽን ድጋፍ መከፈት አለበት፤ ኦኤስ/2 ሌሎች ስርዓቶች እምብዛም የማይነኩትን ሪንግ 2 የተባለ የፕሮሰሰሩን የጥበቃ ደረጃ ስለሚጠቀም ያለዚህ ድጋፍ አይሠራም። 64 ሜጋባይት ሜሞሪና 2 ጊጋባይት ዲስክ ስጠው። ትልቅ ዲስክ ብትሰጠው የሲዲው አሮጌ ድራይቨር ይቸገራል እንጂ የምታተርፈው ነገር የለም። እኔ ግን ከቨርቹዋልቦክስ ይልቅ 86ቦክስን እወዳለሁ። እሱ የዘመኑን ማሽን ከነማዘርቦርዱ፣ ከነኤስ3 ግራፊክስ ካርዱ፣ ከነሳውንድ ብላስተር የድምፅ ካርዱ አስመስሎ ይሠራልሃል፤ ዋርፕ የሚያውቃቸውን ዕቃዎች ስለሚያገኝ ቀለሙና ድምፁ ያለ ብዙ ድካም ይስተካከላል። ለአዲሱ ኮምፒውተርህ ከባድ ሥራ ነው፤ ፍጥነቱ ካነሰህ የምታስመስለውን ፕሮሰሰር ዝቅ አድርገው።

ዋርፕ 4 ከሲዲ በቀጥታ አይነሳም። የመጫኛ ፍሎፒውና ተከታዮቹ ሁለት ፍሎፒዎች ያስፈልጉሃል፤ ምስላቸው ሲዲው ውስጥ አለ። ከዋርፕ 3 ጋር የመጡት ፍሎፒዎች ግን አብዛኞቹ ኤክስዲኤፍ በሚባል አሠራር 1.84 ሜጋባይት የያዙ ናቸው። እነሱን በዩኤስቢ ፍሎፒ ማንበቢያ ለመቅዳት የምትደክሙ ሁሉ ተዉት፤ ከማዘርቦርድ ጋር በሪባን ገመድ የሚገናኝ እውነተኛ ማንበቢያ ፈልጉ።

አሁን ወደ አጎትህ ማሽን። ሶኬት ላይ ከመሰካትህ በፊት ክዳኑን ክፈትና በጥሩ ብርሃን ተመልከተው። ሰዓቱን የሚጠብቀው ባትሪ ሳንቲም የሚመስለው ዓይነት ከሆነ በአዲስ ለውጠው። በ386 እና በ486 ዘመን ቦርዶች ላይ እንደሚገኘው ተበይዶ የተቀመጠ ትንሽ በርሜል ከሆነ ግን በዙሪያው አረንጓዴ ወይም ነጭ ቅርፊት መኖሩን እይ። ከባትሪው የሚወጣው ፈሳሽ የመዳብ መስመሮቹን ይበላል፤ ማሽኑ ዛሬ ቢነሳም ባትሪው መነቀል አለበት። አናታቸው ያበጠ ካፓሲተሮች ካየህ አታብራው፤ ብየዳ ለሚያውቅ ሰው አሳየው። ቀጥሎ ሃርድ ዲስኩን አውጣና በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከመጀመሪያው ሴክተር እስከ መጨረሻው ሙሉ ምስሉን ቅዳ። ፋይል በፋይል አትቅዳ፤ ምክንያቱን ከታች ካለው የፋይሎች ጥያቄ ታገኘዋለህ። ከዚያ በኋላ ማሽኑን በኮምፓክት ፍላሽ ሜሞሪ ካርድና ካርዱን ከሃርድ ዲስኩ ገመድ ጋር በሚያገናኝ የአይዲኢ አስማሚ ብታስነሳው የአጎትህ ዲስክ ያርፋል።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። ድሮ በሠራሁበት ፕሮግራም ምክንያት እስከ ዛሬ ዋርፕ 4 አለኝ። መብራት ድንገት ከጠፋ በኋላ ኮምፒውተሩ ረጅም ጊዜ ዲስክ ሲፈትሽ ቆየ፤ ሲነሳም ዴስክቶፑ ባዶ ሆነ። ሥራዬ ሁሉ ጠፋ ማለት ነው?

መልስ፦ አይዞዎት እህቴ፣ ሥራዎ አልጠፋም ብዬ በሙሉ ልብ ተስፋ አደርጋለሁ። እንዲህ ባለ አጋጣሚ ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው የዴስክቶፑ መዝገብ ነው። ዋርፕ የአዶዎቹን፣ የፎልደሮቹንና የቅንብሮቹን ነገር አይኤንአይ በሚባሉ ሁለት የቅንብር ፋይሎች ይመዘግባል። ስርዓቱ እየሠራ ኃይል ሲቋረጥ እነዚህ ፋይሎች በግማሽ ተጽፈው ይቀራሉ። የሒሳብ ፋይሎችዎ ግን ዲስኩ ላይ በየቦታቸው ይኖራሉ።

ማሽኑን እንደገና ያስነሱት። በስክሪኑ ላይኛው ግራ ጥግ ትንሽ ነጭ ሳጥንና የኦኤስ/2 ስም ብልጭ ሲል ወዲያው ኦልትን ከኤፍ1 ጋር ይጫኑ። ሳጥኑ የሚቆየው ለአፍታ ነው፤ ካመለጠዎት ደግመው ይሞክሩ። የሚመጣው የጥገና ዝርዝር ቀደም ብሎ የተቀመጠ የዴስክቶፕ ቅጂ ካለ 1፣ 2 እና 3 ብሎ ያሳይዎታል። አንዱን ሲመርጡ ዴስክቶፑ ያኔ ወደነበረበት ይመለሳል። ቅጂ ከሌለ ኤክስ የሚለውን ፊደል ይምረጡ፤ መጀመሪያ ሲጫን የነበረውን ባዶ ዴስክቶፕ ይሰጥዎታል፣ የፕሮግራሞችዎን አዶዎች ደግመው ይሠራሉ። ያንን ከማድረግዎ በፊት ግን በዚያው ዝርዝር ወደ ትእዛዝ መስመር ወጥተው የሒሳብ ፋይሎችዎን ወደ ሌላ ዲስክ ይቅዱ። እባክዎ ይህን አይዝለሉት።

ለወደፊቱ፦ በዴስክቶፑ ቅንብር ውስጥ ስርዓቱ በተነሳ ቁጥር ቅጂ እንዲያስቀምጥ የሚያዝ ምልክት አለ። ብዙ መጽሐፍ ሁልጊዜ ክፍት ተዉት ይላል፤ እኔ አልስማማም። የሚያዙት ሦስት ቅጂዎች ብቻ ናቸው። የተበላሸ ዴስክቶፕ ሦስት ጊዜ ከተነሳ ጤነኞቹ ቅጂዎች በበሽተኞች ይተካሉ። ዴስክቶፑ ሙሉ ጤነኛ ሲሆን ምልክቱን ያድርጉ፣ ማሽኑን አንድ ጊዜ ያስነሱ፣ ከዚያ ምልክቱን ያንሱ። በተጨማሪ ስርዓቱ ሲነሳ በሚያነበው ኮንፊግ ሲስ በሚባለው ፋይል ውስጥ፣ ዴስክቶፑ ከመከፈቱ በፊት ኤክስኮፒ በተባለው የመቅጃ ትእዛዝ ሁለቱን የአይኤንአይ ፋይሎች ወደ ሌላ ፎልደር የሚቀዳ፣ ኮል በሚል ቃል የሚጀምር አንድ መስመር ይጨምሩ። ዴስክቶፑ ከተነሳ በኋላ ፋይሎቹ ስለሚቆለፉ ትክክለኛው ጊዜ ያ ነው። ሲዘጉም ማጥፋት ይቻላል የሚለው መልእክት እስኪመጣ ይታገሱ።

ጥያቄ፦ የድሮ የዶስ ጨዋታዎችን በዋርፕ ላይ መጫወት እፈልጋለሁ። አንዳንዱ ይሠራል፣ አንዳንዱ እምቢ ይላል። ችግሩ ምንድን ነው?

መልስ፦ ዶስ በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሠራ የድሮ ስርዓተ ክወና ነው። ዋርፕ ለእያንዳንዱ የዶስ ፕሮግራም ራሱን የቻለ ዶስ ይከፍትለታል፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው አይነካም። ቅንብሩም ለየብቻ ነው። የጨዋታውን አዶ ቅንብር ክፈትና የዶስ ሰንጠረዡን ተመልከት። የዲፒኤምአይ (የዶስ ፕሮግራም ተጨማሪ ሜሞሪ የሚያገኝበት መንገድ) ድጋፉን አብራ፣ የሃርድዌር ሰዓቱን በቀጥታ እንዲያገኝ ፍቀድለት፣ ሥራ ፈት ነው ተብሎ ፍጥነቱ እንዳይቀነስ አይድል ሴንሲቲቪቲ የሚለውን 100 አድርግ። አብዛኛው ጨዋታ በዚህ ይስተካከላል።

እምቢ የሚሉት በሁለት ይከፈላሉ። አንደኞቹ ቪሲፒአይ በሚባለው መንገድ ፕሮሰሰሩን ለብቻቸው ሊይዙ የሚሹ ናቸው። ኦኤስ/2 ይህን አይፈቅድም፣ መፍቀድም የለበትም። ለእነሱ ማሽኑ ሲነሳ ስርዓት የሚያስመርጠውን የዋርፕን ቡት ማናጀር ተጠቅመህ በሌላ ክፍልፋይ ላይ እውነተኛ ዶስ አስቀምጥ። ሁለተኞቹ ቱርቦ ፓስካል በተባለው የፕሮግራም መጻፊያ የተጻፉ ናቸው፤ ወደ 200 ሜጋኸርዝ ከሚጠጋው ጀምሮ ፈጣን በሆነ ፕሮሰሰር ላይ ስህተት 200 ብለው ይዘጋሉ። የማሽኑን ፍጥነት ሲያሰሉ የሚያገኙት ቁጥር ካሰቡት በላይ ሆኖ ማካፈሉ ስለሚሰናከል ነው፤ በዋርፕ አታሳብብ።

ጥያቄ፦ ከዋርፕ ወደ ዩኤስቢ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ኮምፒውተር፣ መልሼም ወደ ዋርፕ ፋይሎቼን አመላለስኩ። ሲመለሱ አዶዎቻቸው ጠፉ፣ ፎልደሮቹም አቀማመጣቸውን ረሱ። ምን ነካቸው?

መልስ፦ የተጨማሪ መግለጫዎች ነገር ነው። ኦኤስ/2 ከእያንዳንዱ ፋይል ጎን፣ በይዘቱ ውስጥ ሳይሆን ለብቻው፣ እስከ 64 ኪሎባይት የሚደርስ መግለጫ ሊያስቀምጥ ይችላል፦ አዶውን፣ ዓይነቱን፣ ረጅም ስሙን፣ የፎልደሩን መልክ። ኤችፒኤፍኤስ በተባለው የራሱ የፋይል ስርዓት ላይ ይህ መግለጫ ከፋይሉ ጋር ተሳስሮ ይኖራል። ፋት በተባለው የዶስ የፋይል ስርዓት በተዘጋጀ ዲስክ ላይ ግን የሁሉም ፋይሎች መግለጫ በዲስኩ ሥር ኢኤ ዳታ በተባለ አንድ የተደበቀ ፋይል ውስጥ ይከማቻል። ሌላ ስርዓት ያንን አያውቀውም፤ ፋይሉን ሲቀዳ ይዘቱን ብቻ ወስዶ መግለጫውን ትቶት ይሄዳል።

መፍትሔው ፋይሎቹ ከዋርፕ ሳይወጡ፣ ለኦኤስ/2 በተዘጋጀው ኢንፎዚፕ በተባለ የመጠቅለያ ፕሮግራም መጠቅለል ነው። ይህ ዚፕ መግለጫዎቹንም አብሮ ይይዛል። ጥቅሉ በየትኛውም ዲስክ ይዙር፤ ዋርፕ ላይ በዚያው ፕሮግራም ሲፈታ ሁሉም ይመለሳል። ለመጀመሪያው ጠያቂ ዲስኩን ሙሉ ቅዳ ያልኩትም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ በዋርፕ ኢንተርኔት መጠቀም ይቻላል?

መልስ፦ በዋርፕ 4 አሮጌ ማሰሻ የዛሬዎቹን ድረ ገጾች አይክፈቱ፤ የምስጠራ ደንቦቹ ስለተለወጡ አብዛኞቹ አይከፈቱለትም፣ የደህንነት ጥገናም ካቆመ ቆይቷል። በቤት ውስጥ ኔትወርክ ፋይል ለመለዋወጥ ግን ዋርፕ ይበቃል። በዘመናዊ ማሽን ላይ ኦኤስ/2ን በቀጥታ መጫን ለሚፈልግ አርካ ኖኤ የተባለው ኩባንያ ከአይቢኤም ፈቃድ አግኝቶ አርካኦኤስን ይሸጣል። የመጀመሪያው እትም 5.0 በ2017 ወጣ፤ በ2023 የወጣው 5.1 ዩኢኤፍአይ በተባለው የባዮስ ተተኪ ብቻ በሚነሱ ኮምፒውተሮችም ላይ ይሠራል። ገንዘብ የሚከፈልበት መሆኑን አልቃወምም። ድራይቨር የሚጽፉ ሰዎች በሥራቸው መኖር አለባቸው።

ጥያቄ፦ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ በዚህ ዘመን ይህን ሁሉ ድካም ለምን? ዓላማው ትዝታ ብቻ ከሆነ ፎቶግራፍ ይበቃ ነበር።

መልስ፦ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ትዝታ ብቻ ቢሆን እኔም እተወው ነበር። ማስታወሻዎቼንና የቤት ሒሳቤን ዛሬም በዋርፕ የምይዘው ዴስክቶፑ ያለውን በሌላ ቦታ ስላላገኘሁ ነው።

አንድ ምሳሌ ላሳይ። ቴምፕሌት የሚባል ፎልደር አለ፤ ውስጡ እንደ ወረቀት ደብተር የተደራረቡ አዶዎች ናቸው። አዲስ ማስታወሻ ስፈልግ ከደብተሩ ላይ በቀኝ የማውስ ቁልፍ አንድ ቅጠል ገንጥዬ ወደምፈልግበት ፎልደር እጎትታለሁ። መጀመሪያ ፕሮግራም መክፈት የለም፤ የሚቀድመው ሰነዱ ነው። የአንድን ሰነድ ጥላ ሠርቼ ሌላ ፎልደር ውስጥ ባስቀምጥና ዋናውን ወደ ሌላ ቦታ ባዛውረው ጥላው ይከተለዋል። የወር ሒሳብ ፎልደሬን የሥራ ክልል ብዬ ስላዘጋጀሁት ስዘጋው በውስጡ የተከፈተው ሁሉ አብሮ ይዘጋል፤ ስከፍተው ሁሉም በነበረበት ይመለሳል። የፎልደር ቀለም ለመለወጥ ከቀለም ሰሌዳው ላይ ቀለሙን ጎትቶ መጣል በቂ ነው። ይህ ሁሉ በ1992 ከወጣው ከእትም 2.0 ጀምሮ፣ በጥቂት ሜጋባይት ሜሞሪ ይሠራ ነበር። ያን ጊዜ የተፈቱ፣ በኋላ የተረሱ ጥሩ ሐሳቦች መሆናቸውን የምታውቀው በእጅህ ስትሠራባቸው ነው፤ ፎቶግራፍ ይህን አያሳይም።

እንከኑን አልደብቅም። የመስኮቶቹ ሁሉ የማውስና የቁልፍ ሰሌዳ መልእክት በአንድ ወረፋ ስለሚያልፍ አንድ ፕሮግራም መልእክቱን ተቀብሎ ዝም ካለ ስክሪኑ በሙሉ የደረቀ ይመስላል፤ ከጀርባ ያሉት ሥራዎች ግን ይቀጥላሉ። ከጊዜ በኋላ በወጡት የጥገና ጥቅሎች አይቢኤም ማቃለያ ጨምሯል፤ ስለዚህ ዋርፕ እንደጫናችሁ መጀመሪያ የጥገና ጥቅሉን አስገቡ።

ጥያቄ፦ የኦኤስ/2 ነፃ ፕሮግራሞች ሁሉ የነበሩበት ሆብስ ተዘጋ ሲባል ሰማሁ። አሁን ከየት እናገኛለን?

መልስ፦ እውነት ነው፤ በኒው ሜክሲኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይስተናገድ የነበረው ሆብስ በኤፕሪል 2024 ተዘግቷል። የመዝጊያው ማስታወቂያ ወራት ቀድሞ ስለወጣ ይዘቱ ከመዘጋቱ በፊት ተቀድቶ በሌሎች ቦታዎች ተቀምጧል፤ ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ ታገኙታላችሁ። የምትፈልጉትን ስታወርዱ ጥቅሉን ሳትፈቱ እንዳለ አስቀምጡ፣ ከጎኑም የእትም ቁጥሩንና ያወረዳችሁበትን ቀን በጽሑፍ ፋይል መዝግቡ። ፍሎፒ ላይ የቀሩ፣ የትም ያላያችኋቸው ፕሮግራሞች ያሏችሁ ደግሞ የእያንዳንዱን ፍሎፒ ሙሉ ምስል ቅዱና የመለያውን ጽሑፍ ፎቶ አንስታችሁ አብራችሁ አኑሩ።