የሌፐርድ ጌኮ እንቁላል ሰርጎድ ሲል
የሌፐርድ ጌኮ (ቤት ውስጥ የሚረባ ትንሽ እንሽላሊት) እንቁላሎችህ ሰርጎድ ቢሉ እንዳትጥላቸው። ለምሳሌ በሦስተኛው ሳምንት ሁለቱም እንቁላሎች ሰርጎድ ካሉ፣ ምናልባት ውሃ ጠምቷቸው ነው። የሌፐርድ ጌኮ እንቁላል ቅርፊቱ እንደ ዶሮ አይጠነክርም። እንደ ስስ ቆዳ ነው፤ እርጥበት ሲያንሰው ይሟሽሻል።

1. ቨርሚኩላይቱን (በመፈልፈያ ሳጥኑ ውስጥ እንቁላሎቹ የተቀመጡበትን፣ እርጥበት የሚይዝ ቀላል የማዕድን ፍርፋሪ) በጣትህ ጨመቅ አድርገው። ውሃ ሳያንጠባጥብ ከተያያዘ ደህና ነው። ከተበተነ ደርቋል።

2. ለብ ያለ ውሃ በሳጥኑ ጠርዝ በኩል በማንኪያ ጨምር። እንቁላሉ ላይ ግን ጠብ እንዳታደርግ።

3. ክዳኑን መልስና ጠብቅ። ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ መልሶ ሞላ ይላል።

ሻግቶ ከሸተተ ግን አልቆለታል፣ አውጣው። የመፈልፈያው ጊዜ ሲደርስ (በ28 ዲግሪ ሁለት ወር ገደማ ነው) ቢሰረጉድ ደግሞ አትደንግጥ፣ ሊወጣ ነው።

አደራህን፣ ስትነካካ እንዳታገላብጠው። እኔ መጀመሪያ ላይ ነገሩ እንደ ዶሮ መስሎኝ በየቀኑ ሳዟዙር ሁለት እንቁላል አበላሸሁ። ፅንሱ በላይኛው በኩል ተጣብቆ ነው የሚያድገው፤ ሲገለበጥ ሊታፈን ይችላል። አሁን ገና እንደተጣለ አናቱ ላይ በእርሳስ ነጥብ አደርጋለሁ። በእስክሪብቶ አይደለም፣ በእርሳስ።