የአንባቢያን ጥያቄ፦ ሰዓቱ ወደ ኋላ የቀረ ኮምፒውተር

ጥያቄ፦ ለዝግጅት ክፍሉ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። በድሬዳዋ ከተማ፣ ከዚራ፣ የምኖር ጡረተኛ መምህር ነኝ። ዊንዶውስ 7 የተጫነበት የቆየ የጠረጴዛ ኮምፒውተር አለኝ። በኅዳር ወር መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ቀኑን ረስቶ ዓመቱን 2009 እያለ ተነሣ። ከግድግዳ ካላንደሬ ጋር አመሳክሬ ኅዳር 12 ቀን 2018፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ብዬ አስተካከልኩት። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን የሚከፍትልኝ የመዝሙር ግጥሞች የተሰበሰቡባትን አንዲት አሮጌ ገጽና የራውተሩን ማስተካከያ ገጽ ብቻ ነው። ጉግልን፣ ዩቲዩብን፣ ጋዜጦችን ስጠይቀው በክሮም ላይ ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይመጣል፤ እኔም የእጅ ሰዓቴን ደጋግሜ አይቻለሁ፣ አንድ ደቂቃ እንኳ አልተዛነፈም። በዚያው ዋይፋይ የልጄ ስልክ ሁሉንም ይከፍታል። ያሳየሁት ባለሙያ ቫይረስ ነው፣ ፎርማት መደረግ አለበት ብሎኛል። የ20 ዓመት ፎቶግራፍና ማስታወሻ ስላለበት አመነታሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ መምህር፣ ማመንታትዎ በጅቶዎታል፤ ኮምፒውተሩን ለፎርማት አይስጡት። ደብዳቤዎን መጀመሪያ ሳነበው የልጅዎ ስልክ በዚያው ዋይፋይ ሁሉንም መክፈቱን ይዤ ችግሩ ከመስመሩ ሳይሆን ከኮምፒውተሩ ነው ከማለት አላለፍኩም ነበር፤ በሁለተኛው ንባብ ያስቆመኝ «ከግድግዳ ካላንደሬ ጋር አመሳክሬ» የሚለው ቃልዎ ነው። ኮምፒውተርዎ ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል ሲል እውነቱን ነበር፤ የቀረው ግን በደቂቃ ሳይሆን በ7 ዓመት ነው። ማሽኑ ቀኑን የሚቆጥረው በግሪጎርያን አቆጣጠር ስለሆነ፣ 2018 ብለው ሲሞሉለት የኛን 2018 ሳይሆን የፈረንጆቹን ነው የተረዳው። ኅዳር 12 ቀን 2018 በእነርሱ አቆጣጠር ኖቬምበር 21 ቀን 2025 ነበር። እኛና እነርሱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማገባደጃ፣ ማለትም የእነርሱ ጃንዋሪ እስኪገባ ድረስ በ7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን በ8 ዓመት እንለያያለን።

የቀን ስሕተት አንዱን ገጽ ዘግቶ ሌላውን የሚተውበት ምክንያት አለው። ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ የሚከፈተው በብሮውዘሩ የአድራሻ መስመር ላይ በምትታየው የቁልፍ ምልክት በሚታወቀው የተመሰጠረ መንገድ ነው። ይህ መንገድ ከመከፈቱ በፊት ድረ ገጹ የማንነቱን የምስክር ወረቀት ያቀርባል፤ በወረቀቱ ላይም እንደ ማንኛውም መታወቂያ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን አለ። ብሮውዘሩ ያንን ቀን የሚያመሳክረው ከራሱ ከኮምፒውተሩ ሰዓት ጋር እንጂ ከሌላ ከማንም ጋር አይደለም። በ2025 የሚሰጡት ወረቀቶች ቢበዛ ለ398 ቀን፣ ብዙዎቹ ደግሞ ለ90 ቀን ብቻ የሚያገለግሉ ስለሆኑ፣ ራሱን በ2018 እ.ኤ.አ. ያለ አድርጎ ለሚያስብ ኮምፒውተር እያንዳንዱ ወረቀት ገና ያልተወለደ ሰው መታወቂያ ይሆንበታል፤ ስለዚህ በሩን ይዘጋል። ያቺ የመዝሙር ገጽዎና የራውተሩ ገጽ ግን ያለ ምስጠራ በአሮጌው መንገድ ስለሚመጡ ወረቀት የሚጠይቃቸው የለም፤ በመጠበቃቸው ሳይሆን ባለመጠበቃቸው ነው የተከፈቱልዎ። ስልኩ ደግሞ ቀኑን ከኔትወርኩ በራሱ ስለሚቀበል እንዲህ ዓይነት ችግር አይገጥመውም። በነገራችን ላይ፣ የወረቀቶቹ ረጅሙ ዕድሜ ከማርች 15 ቀን 2026 ጀምሮ ወደ 200 ቀን እንዲወርድ ስለተወሰነ፣ ሰዓቱ በጥቂት ወራት ብቻ የተዛነፈ ኮምፒውተርም ከእንግዲህ ይበልጥ ይቸገራል።

እንግዲህ ሲያስተካክሉት፣ በስክሪኑ ግርጌ በስተቀኝ ያለውን ሰዓት ተጭነው ወደ ቀንና ሰዓት ማስተካከያው ይግቡና ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን ከልጅዎ ስልክ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር እያዩ ይሙሉ። ሰዓቱንም እንደ እኛ አቆጣጠር ሳይሆን እንደ እነርሱ ያድርጉት፤ የኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የእነርሱ 9 ሰዓት ነው። የሰዓት ክልሉ ናይሮቢ የሚለው መሆኑን ማየትዎን አይርሱ፤ የኛም ሰዓት ከግሪንዊች 3 ሰዓት የሚቀድመው ይኸው ነው። ዊንዶውስ ሰዓቱን ከኢንተርኔት በራሱ የሚያስተካክልበት አገልግሎት እያለው ለምን ዝም አለ ቢሉ፣ አገልግሎቱ ከ15 ሰዓት የበለጠ ልዩነት ሲያገኝ ስሕተቱ የማን እንደሆነ ስለማያውቅ እጁን ይሰበስባል። ቀኑን በእጅዎ ካቀረቡለት በኋላ ግን ደቂቃዋን እርሱ ይጨርሳታል። ከዚያ ብሮውዘሩን ዘግተው እንደገና ይክፈቱት።

ይሁንና መብራት በሄደ ቁጥር ችግሩ ይመለሳል፤ ምክንያቱም መጀመሪያውኑ ቀኑን ያስረሳው በማዘርቦርዱ፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ማለቋ ነው። ኮምፒውተሩ ከኤሌክትሪክ ሲነቀል ሰዓቱን የምታስቆጥረው እርሷ ናት፤ ስትደክም ሰዓቱ ማሽኑ ወደተሠራበት ዘመን ቀን ይመለሳል፤ ያንን 2009 ያዩትም ለዚህ ይመስለኛል። የባትሪዋ ስም ሲአር 2032 ይባላል፤ ቁጥሩ 20 ሚሊ ሜትር ስፋትና 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ማለት ነው፣ ኃይሏም 3 ቮልት ነው። ሰዓት ጠጋኞች ያውቋታል፤ በብዙ የመኪና ሪሞት ውስጥም ያለችው እርሷው ናት። ገመዱን ከሶኬት ነቅለው፣ የሳጥኑን ጎን ከፍተው፣ የብረት አካሉን አንድ ጊዜ በእጅዎ ነክተው፣ ባትሪዋን የያዘቻትን ትንሽ መቆንጠጫ ወደ ጎን ሲገፏት ባትሪዋ ብድግ ትላለች፤ አዲሷን የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ ሆኖ ያስገቡ። ከዚያ ቀኑን ዳግመኛ መሙላት ያስፈልጋል።

ስለ ፎርማቱ አንድ ነገር ልበል። ባለሙያው ፎርማት ቢያደርገው ኖሮ ኮምፒውተሩ የዳነ ይመስል ነበር፤ ዊንዶውሱን ሲጭን ቀኑን በትክክል ስለሚሞላው ሁሉም ገጽ ይከፈታል። ነገር ግን የሰዓቱ ጉዳይ የባትሪዋ እንጂ የዲስኩ ስላልሆነ፣ መብራት በሄደ ማግሥት ሕመሙ ይመለስ ነበር፤ ፎቶግራፎቹ ግን አይመለሱም። በየቤቱ ስንት ጤነኛ ዲስክ በዚህ ምክንያት እንደታጠበ ሳስበው ያሳዝነኛል።

ቀኑ ተስተካክሎ ጥቂት ገጾች ብቻ እምቢ ካሉ፣ ቀሪው ጥፋት የዕድሜ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚያደርገውን ድጋፍ በጃንዋሪ 2020 አቁሟል፤ ክሮምም በዚህ ዊንዶውስ ላይ ከቁጥር 109 አላለፈም። ክሮምዎ ከዚህ የቆየ ከሆነ ወደ 109 ያድሱት፤ ለባንክ ጉዳይ ግን ስልኩን ይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ ከሐረር፣ ከጀጎል ነው የምጽፈው። በቤታችን ባለው ኮምፒውተርም በስልኮቹም ጉግልና ዩቲዩብ በደንብ ይሠራሉ፤ ሌሎች ብዙ ገጾች ግን ያለ ምንም የስሕተት ጽሑፍ ነጭ ሆነው ይቀራሉ። በስልክ ዳታ ሲሞከር ሁሉም ይከፈታል። ቀኑ ትክክል ነው።

መልስ፦ የእርስዎ ሕመም ከመምህሩ የተለየ ነው፤ ሁሉም መሣሪያ አብሮ ስለታመመ ኮምፒውተሩን ትተው ወደ ራውተሩ ይሂዱ። መረጃ በመስመሩ ላይ የሚጓዘው በጥቅል በጥቅል ሆኖ ነው፤ የተለመደው የጥቅል ልክ 1500 ባይት ሲሆን፣ በስምና በይለፍ ቃል በሚከፈት የቤት መስመር ላይ ግን 8 ባይት ለመስመሩ ራሱ ስለሚወሰድ የሚቀረው 1492 ነው። ጥቅሉ ሲተልቅ «ከፋፍለህ ላክ» የሚል መልእክት ወደ ላኪው መመለስ ነበረበት፤ ያ መልእክት መንገድ ላይ ከታገደ ላኪው ሳያውቅ ደጋግሞ ይልካል፣ እርስዎም ነጩን ገጽ እያዩ ይጠብቃሉ። ጉግልና ዩቲዩብ ከዚህ ልክ ያነሱ ጥቅሎችን በሚልክ አዲስ መንገድ ስለሚጠቀሙ ያልፋሉ። በራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ላይ ኤምቲዩ የሚለውን ቁጥር፣ ማለትም የጥቅሉን ትልቁን ልክ ፈልገው፣ ነባሩን በወረቀት ከያዙ በኋላ ወደ 1400 ዝቅ ያድርጉትና ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት። ገጾቹ ከተከፈቱ ቁጥሩን ጥቂት በጥቂት ከፍ እያደረጉ ገጾቹ እንደገና መንጣት እስኪጀምሩ ይሞክሩ፤ ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሰው ይተዉት።