የእንጨት አውሮፕላን ክንፍ ላርዝም? ጭነቱ ጫፉ ላይ አይቆምም

ከሐዋሳ የጻፉልን ጠያቂ፣ ባለ አንድ መቀመጫ የእንጨት አውሮፕላን በመሥራት ላይ ናቸው። ሙሉ ክብደቱ ከነአብራሪው 300 ኪሎ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ሁለቱ ክንፎች 50 ኪሎ ይይዛሉ። እያንዳንዱ ክንፍ 4 ሜትር ሲሆን ከሥሩ 2.5 ሜትር ላይ በደጋፊ ብረት ተይዟል። ስፓሩ፣ ማለትም በክንፉ ርዝመት የሚሄደው ዋና ተሸካሚ እንጨት፣ 25 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ወጥ ጣውላ ነው። የከተማዋ ከፍታ ስላሳሰባቸው በየጫፉ 60 ሳንቲሜትር መቀጠል አስበዋል።

ስጋትዎ ትክክል ነው። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል 1700 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ በ30 ዲግሪ ሙቀት አየሩ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ይሳሳል። የመነሻ ፍጥነቱ 13 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ተርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተርም ይደክማል።

መፍትሔው ላይ ግን አልስማማም። የሚቀጥሉት ጫፉን ቢሆንም ጭነቱ የሚከማቸው ደጋፊው በሚይዝበት ቦታ ነው። ከደጋፊው ወዲያ የተንጠለጠለው 1.5 ሜትር፣ 2.1 ይሆናል። ክንፉን የሚያጎብጠው ኃይል በርዝመቱ ካሬ ስለሚያድግ 1.96 እጥፍ ይደርሳል፤ ያው ክብደት በረዘመ ክንፍ ላይ ስለሚበተን 13 በመቶ ቢቀነስለትም 1.7 እጥፍ ይቀራል። በንድፍ ለመተማመኛ የሚተወው 1.5 እጥፍ ነው። ስፓሩ እዚያ ቦታ ላይ ያለ ትርፍ በልኩ የተሠራ ከሆነ ይሰበራል። ጭማሪው 20 ሳንቲሜትር ብቻ ቢሆን እንኳ ኃይሉ በ22 በመቶ ያድጋል።

መጀመሪያ ፕሮፔለሩን ይዩ። ነዳጅ ሙሉ ሲሰጡት ዙሩ አምራቹ ከወሰነው በታች ከቀረ፣ የምላጩ አንግል ሲቀንስ ለመውጣት የሚሆን ጉልበት ያገኛሉ። ከክንፍ ሥራ በጣም ይረክሳል።

60 ሳንቲሜትሩ የግድ ከሆነ ስፓሩን እንደ አዲስ ይሥሩ። ቁመቱ ሳይለወጥ 1.7 እጥፉን ለመቻል ውፍረቱ 43 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ያኔ የሪቦቹ (ለክንፉ ቅርጽ የሚሰጡት አግዳሚ እንጨቶች) ቀዳዳና የቡሎኖቹ ርዝመት ይለወጣል፤ ደጋፊው ብረት የሚሸከመውም 15 በመቶ ይጨምራል፣ እሱም ተሰልቶ ይፈተሽ።

ረጅም ጣውላ አጥተው መቀጠል ካለብዎት መጋጠሚያውን በ1 ለ12 ያጋድሙት፤ ለ43 ሚሊሜትር ውፍረት 516 ሚሊሜትር ማለት ነው። ከ1 ለ10 አይውረዱ። ቡሎን የሚያልፍበት ቦታ ላይ እንዳይውል። እርጥበቱ ከ8 እስከ 12 በመቶ ይሁን። ፊቱን በስለታም መላጊያ ይጨርሱት፤ ብርጭቆ ወረቀት የእንጨቱን ቀዳዳ በዱቄት ይደፍናል። የላጉትን በዚያው ቀን ይለጥፉ።

ነጭ ኮላ ለቁም ሳጥን ነው፤ የማያቋርጥ ጭነትና ሙቀት ሲያገኘው ቀስ እያለ ይንሸራተታል። ኢፖክሲ ወይም ሬዞርሲኖል የሚባሉትን ተበጥብጠው የሚሠሩ ኮላዎች ይጠቀሙ። በኢፖክሲ ሞርሳውን ከልክ በላይ ካጠበቁት ኮላው ተጨምቆ ይወጣል፤ ሬዞርሲኖል ግን ካልጠበቀ አይይዝም። ክንፉንም ነጭ ይቀቡት፣ ጠቆር ያለ ቀለም በፀሐይ ግሎ ኢፖክሲን ያለሰልሳል። በእያንዳንዱ የኮላ ብጥብጥ ሁለት ቁራጭ እንጨት ለጥፈው ይስበሩ፤ እንጨቱ ሳይቀደድ በኮላው መስመር ከተላቀቀ ያ ሥራ ይጣላል።

የሲቪል አቪዬሽን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ያውቁታል ብዬ አልፈዋለሁ። ከበረራ በፊት፣ አሸዋው አየሩ ክንፉን ወደ ላይ የሚገፋበትን ኃይል እንዲተካ፣ አውሮፕላኑን ገልብጠው በአሸዋ ይፈትኑት። ንድፉ 3.8 ጂ ከሆነ፣ ማለትም የክብደቱን 3.8 እጥፍ እንዲችል ከታሰበ፣ ያለ ክንፎቹ ያለው 250 ኪሎ በ3.8 ተባዝቶ፣ ሲገለበጡ በራሳቸው ወደ ታች የሚጫኑት የክንፎቹ 50 ኪሎ ሲቀነስ 900 ይመጣል። በየክንፉ 450 ኪሎ፣ ማለትም 50 ኪሎ የሚይዝ ዘጠኝ ከረጢት፣ በርዝመቱ ይበተናል። ሁለቱን ጎን እኩል እየጫኑ፣ ከሥር መደገፊያ አስቀምጠው፣ በየደረጃው የጫፉን ዝቅታ ይለኩ። አሸዋው ሲነሣ ጫፉ ወደ መጀመሪያው ልክ ካልተመለሰ የሆነ ቦታ ተሰንጥቋል፤ ሸራውን ከመልበሱ በፊት የሚፈተነውም ስንጥቁ በዓይን እንዲታይ ነው።