ሾፌሩ ካልሠለጠነ ካሳውን ማን ይከፍላል?

ጥያቄ፦ ዕቃ የሚያደርስ አይሱዙ ወንድሜን ገጭቶ እግሩን ሰበረው። ሾፌሩ ያለ በቂ ልምምድ መሪ የያዘ ነው። ድርጅቱ ግን «ጥፋቱ የሾፌሩ ነው» ይላል። ማንን እንክሰስ?

መልስ፦ ወንድምዎን እግዚአብሔር ይማርልዎት። የድርጅቱ መልስ አያስኬድም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንቀጽ 2081፣ ባለንብረቱን ያለ ጥፋቱም ተጠያቂ ያደርገዋል፤ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም። ነፃ የሚያወጣው መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ማስረዳት ነው፤ የተጎጂው ጥፋት ደግሞ ካሳውን ሊቀንስ ወይም ሊያስቀር ይችላል። ሾፌሩ በሥራው ላይ ስለነበር አሠሪው በአንቀጽ 2130 አብሮ ይጠየቃል። ስለዚህ የሥልጠና ማነስን ለማስረዳት ብዙ አይድከሙ፤ እሱ ይበልጥ የሚጠቅመው ለወንጀሉ ክስ ነው።

መኪናው የኪራይ ሊሆን ስለሚችል በሊብሬው ላይ ያለውን ስም ያጣሩ። ባለንብረቱን፣ አሠሪውን፣ ሾፌሩንና የሦስተኛ ወገን መድን ሰጪውን በአንድ ክስ ያጣምሩ። የትራፊክ ፖሊስ ፕላን፣ የሕክምና ቦርድ ማስረጃ፣ ደረሰኞችና የደመወዝ ማስረጃ ያያይዙ፤ ደረሰኝ የሌለው ወጪ ብዙ ጊዜ ይቀራል። ብዙዎች የወንጀሉን ፍርድ ሲጠብቁ የአንቀጽ 2143 የሁለት ዓመት ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜ ገደብ) ያልፍባቸዋል። ለወንጀል የተወሰነው ይርጋ ከዚያ ከረዘመ ረጅሙ ይሠራል፤ እሱን ተማምነው ግን አይዘግዩ።