መልስ፦ የልብ ድካም ታካሚዎች ራስን የመንከባከብ መለኪያ ይደመራል ወይ?

የልብ ድካም ታካሚዎች ራሳቸውን እንዴት እንደሚንከባከቡ የሚለካውን መጠይቅ ሦስት ክፍሎች ደምሮ አንድ ነጥብ ማውጣት ይቻል እንደሆነ ለጠየቁት፣ አይቻልም። በአሜሪካዊቷ የነርሲንግ ተመራማሪ በባርባራ ሪግል የተዘጋጀው ይህ መለኪያ በ7.2 እትሙ የዕለት ተዕለት ጥንቃቄን፣ የሕመም ምልክትን ማስተዋልንና ለምልክቱ እርምጃ መውሰድን ለየብቻ ከ0 እስከ 100 የሚያሰላ ሲሆን፣ በየክፍሉ 70ና ከዚያ በላይ በቂ ተብሎ ይወሰዳል። መድኃኒቱን ሳያዛንፍ የሚውጥ ሰው የሕመሙ ምልክት የሆነው የእግር እብጠት ሲመጣበት «ጫማው ጠበበኝ» ብሎ ዝም ሊል ይችላል፤ ድምሩ ይህን ክፍተት ይደብቀዋል። ክብደትን አዘውትሮ ስለ መመዘን የሚያነሳው ጥያቄ ደግሞ ቤቱ ሚዛን ለሌለው ታካሚ (በእኛ አገር ይህ ብርቅ አይደለም) ቸልተኝነትን ሳይሆን እጦትን ስለሚለካ፣ ሚዛን እንዳለው አስቀድመው ጠይቀው መልሱን ለብቻው ቢመዘግቡት ይሻላል።